ከአዲሶቹ መካከል አንድ አሮጌ ዶቅዶቄ

ሰው ብቻውን ሲጓዝ ፍጥነቱ የራሱ ነው፤ ከባልንጀራ ጋር ሲጓዝ ግን ፍጥነቱ የማኅበሩ ይሆናል። ይህ ነገር በእግር ለሚሄድም፥ በበቅሎ ለሚቀመጥም፥ በመኪና ለሚሳፈርም እውነት ነው። ይሁን እንጂ አሮጌና አዲስ ሞተር ብስክሌት በአንድ መንገድ ሲሄዱ ጎልቶ እንደሚታየው በሌላ ስፍራ ሲታይ አላየንም። ስለዚህ በዚህ ወር በእጃችን ስላለው አንድ አሮጌ ዶቅዶቄና ከእርሱ ጋር ስለ ተጓዙት አዲሶች ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። ነገሩ የብረት ነገር ቢመስልም መድረሻው ቤትና ቤተ ሰብ መሆኑን አንባቢ በትዕግሥት ቢከተለን ያገኘዋል።

ሞተር ብስክሌትን አባቶቻችን «ዶቅዶቄ» ያሉት ከድምፁ ተነሥተው ነው። ገና ዐይን ሳያየው ጆሮ ስለሚሰማው፥ ስሙን ያወጣለት ጆሮ ነው ማለት ይቻላል። የዛሬ ወጣቶች «ሞተር» ብቻ ብለው ይጠሩታል፤ የአዲሶቹም ድምፅ ለስላሳ ስለ ሆነ የቀድሞው ስም ብዙ አይስማማቸውም። ታሪኩን ባጭሩ ብናነሣ፥ በቤንዚን የሚሠራውን የመጀመሪያውን ሞተር ብስክሌት ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ የተባሉት ጀርመናውያን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. ሠሩ። አካሉ ከእንጨት ነበር፤ እንዳይወድቅም ግራና ቀኝ ትንንሽ ደጋፊ መንኰራኵሮች ነበሩት። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ከ1915 ዓ.ም. በፊት የተሠሩ ሞተር ብስክሌቶች ብቻ ተሰብስበው ወደ ብራይተን ከተማ የሚነዱበት ጉዞ በ1930 ዓ.ም. ተጀመረ። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን በዚያ ጉዞ ሽማግሌው ከሽማግሌ ጋር ይሄዳል። በእኛ አገር ለአሮጌ ዕቃ ለብቻው የተለየ መንገድ የለም፤ ከአዲሱ፥ ከጭነት መኪናው፥ ከአህያውና ከእግረኛው ጋር በአንድ መንገድ ይጋፋል። የእኛም ነገር የሚነሣው ከዚህ ነው።

ዶቅዶቄያችን ያማሃ ዲቲ 125 የሚባለው ነው። የተሠራው በ1970 ዓ.ም. ግድም ስለ ሆነ ከእኛ ጋር እኩያ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። አስቀድሞ የመንግሥት ንብረት ነበር፤ የእርሻ ባለሙያ የነበሩት አጎታችን በእርሱ ላይ ተቀምጠው ከቀበሌ ወደ ቀበሌ እየዞሩ ገበሬውን ሲያስተምሩ ኖሩ። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ዕቃውን በሐራጅ ሲሸጥ እርሳቸው ገዙት፤ በ1995 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡም ለእኛ ሰጡን። ቁልፉን በሰጡን ቀን ከቁልፉ ጋር ሦስት ትእዛዝ ጨመሩልን፤ «ዘይቱን ሳታይ አትነሣ፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ፈጽመህ ዘግተህ አትውረድ፤ ከአንተ የሚፈጥነውን አትከተል» አሉን።

የመጀመሪያው ትእዛዝ ምክንያቱ እንዲህ ነው። ይህ ዶቅዶቄ በሁለት ምት የሚሠራ ሞተር ስላለው የሞተሩን ዘይት ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ያቃጥለዋል። ዘይቱ የሚቀመጠው ለብቻው በሆነ ዕቃ ውስጥ ሲሆን ትንሽ ፓምፕ እየመጠነች ወደ ሞተሩ ትልከዋለች። ዘይቱ ካለቀ ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይያዛል፤ የኋላውም ጎማ በድንገት ቀጥ ብሎ ነጂውን ይጥለዋል። ከማርሚታው የሚወጣው ሰማያዊ ጢስም ከዚሁ ዘይት የተነሣ ነው፤ ከኋላው የሚከተል ሰው ይህን ጢስ ይጠጣል።

ሁለተኛው ትእዛዝ የመጀመሪያው ልጅ ነው። ፓምፗ ዘይት የምትልከው በነዳጅ መስጫው ልክ ነውና፥ በረጅም ቁልቁለት ላይ ነዳጁን ፈጽሞ ዘግቶ የሚወርድ ሰው ሞተሩን እያዞረ ዘይት ይነሣዋል። ስለዚህ በየጥቂቱ ከፈት እያደረጉ ማቅመስ ይገባል። ሌላው ነገር፥ የሁለት ምት ሞተር በቁልቁለት ጊዜ ጎትቶ የመያዝ ኀይሉ አነስተኛ ስለ ሆነ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛው ትእዛዝ ስለ ፍሬን ነው። የአሮጌው ፍሬን በታምቡር ውስጥ የተሸሸገ ነው፤ የፍሬኑ ሸራ ከውስጥ ወደ ውጭ እየገፋ ታምቡሩን ያሻል። በተደጋጋሚ ሲያዝ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል፥ ሸራውም መያዙን ይተዋል፤ ውሃ ከገባበትም ቶሎ አይደርቅም። ከአዲሶቹ ብዙዎቹ ከፊት ያላቸው ዲስክ ነው፤ ዲስኩ በነፋስ መካከል ስለሚዞር ቶሎ ይበርዳል፥ ቶሎም ይደርቃል፤ በሁለት ጣት ቢስቡት ይበቃዋል። በትምህርት ቤት ለልጆች እንደምናስተምረው፥ ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ እስኪቆም ድረስ የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ደግሞ ገና አስቦ እጁን እስኪጨብጥ በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ 17 ሜትር ያህል አልፏል። እንግዲህ አዲሱ በሚቆምበት ስፍራ አሮጌው አይቆምም። አሮጌው አዲሱን ተጠግቶ ቢከተል፥ የፊተኛው በድንገት በቆመ ጊዜ ማረፊያው የባልንጀራው ጀርባ ነው።

ከዚህም በላይ የደጋ አየር አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ይበልጣል፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሞተር ሁሉ ከጕልበቱ ሩብ ያህል ያጣል። ከአዲሶቹ አንዳንዶቹ አየሩን እየለኩ ቤንዚኑን ራሳቸው ይመጥናሉ። የአሮጌው ካርቡራቶር ግን በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ የተወሰነለትን ቤንዚን ብቻ ያውቃል፤ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛበታል፥ ካንዴላውም በጥላሸት ይጠቍራል። መብራቱም ባለ 6 ቮልት ስለ ሆነ ቢጫና ደካማ ነው፤ ሞተሩ ሲያዘግም ይብሱን ይደበዝዛል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው አሮጌውን ለማዋረድ አይደለም። የራሱን ልክ የማያውቅ አሮጌ ከአዲስ ጋር መጓዝ ስለማይችል ነው።

በ2011 ዓ.ም. የካቲት 16 ቀን ቅዳሜ ዋለ፤ ጾመ ነነዌም የተፈጸመው በዚያው ሳምንት ረቡዕ ነበር። ያን ጊዜ የኪዳነ ምሕረትን በዓል አንኮበር ለማክበር ከደብረ ብርሃን በስድስት ሞተር ብስክሌት ተነሣን። አምስቱ የቀድሞ ተማሪዎቻችን የሆኑ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ናቸው፤ የያዙትም ባጃጅ ቦክሰርና ቲቪኤስ አፓቺ የሚባሉትን የሕንድ አገር አዲሶች ነበር። ስድስተኛው የእኛ ዶቅዶቄ ነው። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መጀመሪያ ሜዳውን ይዞ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፥ ከዚያ በኋላ ከገደሉ አፋፍ እየተጠማዘዘ ወደ ጥንታዊቱ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ይወርዳል።

ከመነሣታችን በፊት ወጣቶቹ በትሕትና፥ «መምህር፥ የእርስዎ ዶቅዶቄ ዛሬ ይረፍ፤ ከአንዳችን ኋላ ይቀመጡና አብረን እንሂድ» አሉን። አሳባቸው የፍቅር ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ሰው ወይም ለቤተ ክርስቲያን የተሳለውን ጧፍ፥ ዕጣንና ጥላ ከኋላው ጭኖ ነበር። ሦስት ሰው በአንድ ሞተር ላይ መጫን ሕግንም ነፍስንም መተላለፍ ነውና፥ «በራሳችን እንሂድ፤ ግን አካሄዳችንን አስቀድመን እንወስን» አልናቸው። በዚያው ቆመን ሥርዐት አወጣን። የማኅበሩ ሰብሳቢ መንገዱን ስለሚያውቅ ፊት ይሂድ፤ ሁለተኛ አሮጌው ይከተል፤ ሞተር ጠጋኝ የሆነው ወጣት መፍቻዎቹን ይዞ መጨረሻ ይሁን። በሜዳ ከ50፥ በቁልቁለት ከ30 ኪሎ ሜትር አይታለፍ። ሁሉም በመስተዋቱ የኋላውን ባልንጀራ ይመልከት፤ ካላየው ይቁም።

አሮጌው ለምን ሁለተኛ ሆነ የሚል ይኖር ይሆናል። መጨረሻ ቢሆን ተበላሽቶ ሲቀር የሚያየው የለም፤ እንዳይቀርም ሲሮጥ ከዐቅሙ በላይ ይሄዳል። መሪ ቢሆን ደግሞ ደካማው መብራቱ ለሁሉ መንገድ ማሳየት አይችልም፥ ከኋላ የሚገፉትም ብዙ ናቸው። ሁለተኛ ሲሆን ግን መሪው በመስተዋቱ እያየው ፍጥነቱን በእርሱ ልክ ያደርጋል፤ የኋለኞቹም የእርሱን ልክ ይይዛሉ።

በሜዳው ላይ ይህ ሥርዐት ለወጣቶቹ ከባድ ነበር። በ80 መሄድ የሚችል ሞተር በ50 ሲያዝ እንደ ሰጋር በቅሎ ልጓሙን ያኝካል። ከመካከላቸው አንዱ፥ ጢሳችንም አስቸግሮት ይሆናል፥ ሁለት ጊዜ ወጣ ብሎ ካለፈን በኋላ መሪው በእጁ ምልክት ወደ ስፍራው መለሰው። አፋፉ ላይ ስንደርስ ከቈላው የተነሣው ጉም መንገዱን ዋጠው። በጉም ጊዜ ረጅሙን መብራት ማብራት መልሶ የራስን ዐይን ማሳወር ነውና፥ ሁላችንም አጭሩን አብርተን በዝግታ መውረድ ጀመርን። በመሪውና በእኛ መካከል 50 እርምጃ ያህል ተውን፤ ከእኛ በስተ ኋላ ያሉትም እንዲሁ አደረጉ።

አንዱን ጠምዛዛ ስንዞር የመሪው የኋላ መብራት ቀላ። ነጭ ነጠላ የለበሱ በዓል አክባሪዎች በነጩ ጉም ውስጥ መንገዱን ሞልተው ይሄዱ ነበር። በመካከላቸው አንዲት አሮጊት እናት በበቅሎ ተቀምጠዋል፤ ዐሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ በቅሎዋን ይስባል። መሪው ቆመ፤ እኛም በሁለቱም ፍሬን ይዘን ከመሪው ወዲህ ጥቂት እርምጃ ሲቀረን ቆምን፤ የኋለኞቹም በየስፍራቸው ቆሙ። በ50 እየወረድን ቢሆን ኖሮ የእኛ ታምቡር በዚያ ስፍራ እንደማያቆመን በርግጥ እናውቃለን፤ በዚያ ጉም ውስጥ የአዲሶቹም ዲስክ ሁሉን ያድን ነበር ለማለት አንደፍርም። በቅሎዋ ድምፁን ፈርታ ወደ ገደሉ ስታፈገፍግ፥ ቅድም ያለፈን ያ ወጣት ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። «እማማ፥ አይዞዎት» ብሎ ልጓሙን ከልጁ ጋር ያዘ፤ ስድስታችንንም አሳልፎ እስከ ሰፊው መንገድ ድረስ አደረሳቸው። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቀን ማንንም አላለፈም።

በዓሉን አክብረን፥ ከምእመናኑ ጋር ጠበል ጸዲቅ ቀምሰን ወደ ማታ ስንመለስ ደግሞ ተራው የእኛ ሆነ። ዳገቱን ስንወጣ ዶቅዶቄው እየነጠበ ኀይሉን ጨረሰና ቆመ፤ ካንዴላው በጥላሸት ታፍኖ ነበር። ጠጋኙ ወጣት ከኋላ ደርሶ በስልኩ መብራት እያየ፥ ከኪሳችን ያወጣነውን መለዋወጫ ካንዴላ ተካልን። ሌሎቹ አራቱ ሞተራቸውን አጥፍተው በብርዱ ቆመው ጠበቁ። ከእነርሱ አንዱ ከመምሸቱ በፊት ሱቁን መክፈት ነበረበት፤ ሆኖም አንድም ቃል አልተናገረም። ሲጨልም ጠጋኙ ከኋላችን ትንሽ ወደ ግራ ወጣ ብሎ መብራቱን ከፊታችን እየጣለልን ተጓዘ። ደብረ ብርሃን የገባነው በእርሱ ብርሃን ነው።

በዚያ መንገድ ላይ የያዕቆብ ነገር በልቡናችን ይመላለስ ነበር። በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈው ዔሳው ከወንድሙ ጋር ከታረቀ በኋላ አብረን እንሂድ ባለው ጊዜ፥ ያዕቆብ ልጆቹ ለጋ መሆናቸውንና የሚያጠቡ ከብቶችም እንዳሉት ነገረው፤ አንድ ቀን በግድ ቢነዱ መንጋው ሁሉ እንደሚያልቅ አስረድቶ፥ በልጆቹና በከብቶቹ እርምጃ ቀስ ብሎ ሊከተል ፈቀደ። ያዕቆብ ደካማነታቸውን አልደበቀም፥ አላፈረበትምም፤ የመንገዱን ልክ በእርሱ ወሰነ እንጂ። ያለ ጠብና ያለ ጥፋት የደረሰውም ስለዚህ ነው።

በማኅሌት የቆመ ሰው ደግሞ ይህን ነገር በእግሩና በእጁ ያውቀዋል። ከቁም ዜማ ወደ ዝማሜ፥ ከዝማሜ ወደ መረግድ፥ ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲኬድ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ነገር ግን ማንም ብቻውን አይጨምርም። ጕልማሳው ጽፋት ስለሚያምረው በቁሙ ጊዜ አያጨበጭብም፤ ሽማግሌውም ጕልበቱ ስለ ደከመ ጽፋቱን አይከለክልም፤ በመቋሚያው ተደግፎ ይከተላል። አንድ ሰው ቢቀድም፥ ድምፁ ያማረ ቢሆን እንኳ፥ ማኅሌቱ ይፈርሳል።

ከዚያ ጉዞ በኋላ በቤታችን ምክር ሆነ። የልጆቻችን እናት ነገሩን ሁሉ ከሰማች በኋላ፥ «ዶቅዶቄውን አልነቅፍም፤ የአጎትህ መታሰቢያ ነው። ልጆቼን ግን በመታሰቢያ ላይ አትጫንብኝ» አለች። ይህ ቃል ትክክል ነበር። አሮጌን ነገር መውደድ መልካም ነው፤ የፍቅሩን ዋጋ ግን ወዳጁ ራሱ ይክፈል እንጂ ከኋላው የተቀመጠ ሕፃን አይክፈልለት። ስለዚህ ዶቅዶቄው ሰው እንዳይጭን፥ በጨለማና በጉም እንዳይወጣ፥ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ገበያ ብቻ እንዲመላለስ ወሰንን።

የበኵር ልጃችን ይህን ሰምቶ፥ «አባባ፥ እንዲህ ከሆነ ለምን አይሸጥም?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው የሚናቅ አልነበረም፤ ገንዘቡ ለቤታችን ይጠቅም ነበርና። ነገር ግን የሚገዛው ማን ነው? አዲስ ለመግዛት ዐቅም ያነሰው፥ ሦስቱን ትእዛዝ ያልሰማ፥ ምናልባትም ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ጭኖ ገደል የሚወርድ ሰው ነው። ልኩን የምናውቀውን ነገር ልኩን ለማያውቅ ሰው ማስተላለፍ ኅሊናችን አልፈቀደም። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከልጃችን ጋር ተቀምጠን ካርቡራቶሩን እየፈታን፥ የፍሬኑን ሸራ እያየን፥ ካንዴላውን እየጠረግን እናስተምረው ጀመር። አዲሶቹ ብዙውን ነገራቸውን በክዳን ስለሚሸፍኑ ምሥጢራቸውን ለልጅ አይገልጡም፤ አሮጌው ግን እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ነው። ዕድሜው ደርሶ መንጃ ፈቃድ ባወጣ ጊዜ ልጃችን የተለማመደው በአዲስና ፍሬኑ በጸና ሞተር ነው። ዕውቀቱን ከአሮጌው፥ ደኅንነቱን ከአዲሱ አገኘ።

እኛ ራሳችን ከቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ከዘመናዊ ትምህርት ቤትም ስለ ጠጣን፥ በአሮጌና በአዲስ መካከል ሲካሄድ የኖረውን ክርክር ብዙ ሰምተናል። አሮጌ ሁሉ ቅርስ አይደለም፤ አዲስም ሁሉ ፈተና አይደለም። አሮጌው «ድካሜ ይህ ነው» ብሎ ቢናገር ክብሩ አይጎድልም። አዲሱም «በአንተ ልክ እሄዳለሁ» ቢል ጕልበቱ አይቀንስም፤ ያ የተጠበቀ ጕልበት ማታ ላይ ብርሃን ሆኖ ይመለሳልና።

ለበዓልና ለዘመድ ጥየቃ በሞተር ለምትወጡ ቤተ ሰቦች ጥቂት ምክር እንጨምር። ነጂውም የሚፈናጠጠውም የራስ ቁር ሳያደርጉ አይነሡ። እናቶችና እኅቶች ነጠላቸውን ሰብስበው ከልብሳቸው በታች አጥብቀው ይሰሩት፤ የተንዘረፈፈ ነጠላ ካቴናውና ጎማው ይይዙታልና። ወደ አንድ ጎን ዞሮ መቀመጥም ሚዛን ያሳጣል። ከሁለት ሰው በላይ አይጫን፤ ሕፃንም በነጂው ፊት አይቀመጥ። ብዙ ሆናችሁ ስትሄዱ ከመነሣታችሁ በፊት ፍጥነታችሁን በደካማው ልክ ወስኑ፥ የኋላውንም ባልንጀራ ከመስተዋታችሁ አትጡት።

በቤትም ውስጥ እንዲሁ ነው። አያት፥ አባትና ልጅ በአንድ ጣራ ሥር ሲኖሩ የሦስቱ እርምጃ አንድ አይደለም። በጸሎት ጊዜ የአያት ጕልበት እስኪሰበሰብ ልጅ ይጠብቅ፤ ልጅም አዲስ ነገር ተምሮ ሲመጣ አያት ጆሮ ይስጠው። ቀድሞ የደረሰ ብቻውን ደረሰ፤ ተጠባብቆ የደረሰ ግን ቤተ ሰብ ሆኖ ደረሰ። የመንገደኞች ሁሉ ጠባቂ የሆነ አምላክ ወጥቶ የሚገባውን ሁሉ በሰላም ያግባ፤ ለሽማግሎቻችን ትዕግሥትን፥ ለወጣቶቻችንም ማስተዋልን ይስጥልን። አሜን።